ለቁራጭ የተሰፋች ትንሽ ቦርሳ

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ልኬት ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንድ ትራስ ልብስ ቁመትና ወርድ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ባዶውን ኖሯል። ወረቀት ሲባክን ማየት አልወድም። ወሩን አልጽፍም፤ የዝናብ ጊዜ መሆኑን መስኮቱ ይናገራል።

እህቴ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ደህና ነበር ብለዋል። በቀኝ በኩል ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

ከብብቷ ሥር ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከአንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ይገናኛል፤ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ እዚያ ይጠራቀማል። ነርሷ ጠርሙሷን ፌስታል ውስጥ ጨምራ ፌስታሉን በመርፌ ቁልፍ ቀሚሷ ላይ ያዘችላት።

«እማማ፣ ዋናው ነገር ቱቦው እንዳይጎተት ነው» አለችኝ። «በአንገት የምትንጠለጠል ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ ብትኖራቸው ጥሩ ነበር። አንዳንዶች ቤታቸው ይሰፋሉ።»

«እኔ እሰፋለሁ» አልኩ።

«አለቀልኝ» አለች እህቴ ከአልጋው ላይ። «ሲስተር፣ ምን በድዬሽ ነው? ይቺ ሴትዮ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት ያስተማረች ናት። ቦርሳው የሚደርሰው ለልጅ ልጆቼ ነው።»

ልጅ የላትም። ነርሷ ግን ሳቀች።

ረቡዕ 5

የብስኩቱን ቆርቆሮ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ከአሮጌ ልብሶቻችን እየቆረጥኩ፣ አራት ማዕዘኑን ከአራት ማዕዘን እያጋጠምኩ፣ ውስጡን ጥጥ ሞልቼ አንድ አልጋ ልብስ ሰፍቼ ነበር። የተረፈው ቁርጥራጭ ሁሉ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። አልጋ ልብሱን አሁን እህቴ ለብሳዋለች።

ቁርጥራጮቹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋሁላት። የአባታችን ባለ መስመር ሸሚዝ አለ፤ የድሮው ሳሎን አረንጓዴ መጋረጃ አለ፤ የኔ የማስተማሪያ ጋወን አለ፤ የሷ ግራጫ የስልክ ቤት የደንብ ልብስ አለ። በግራ እጇ እየጠቆመች መረጠች።

«ግራጫውን ፊት ለፊት አድርጊልኝ። ሰውን ከሰው ሳገናኝ የኖርኩበት ነው፤ አሁን ደግሞ እኔን ከጠርሙስ ጋር ያገናኘኝ።»

የናሱን ቁልፍም መረጠች፤ ከዚያው ከደንብ ልብሱ የተነቀለ ነው። ሰማያዊ ዶቃዎችም ፈለገች፣ በጠርዙ ዙሪያ ዳንቴልም። ለጠርሙስ መያዣ ይህ ሁሉ ጌጥ አይበዛም ወይ አልኳት።

«ደረቴ ላይ ሌላ ጌጥ የቀረኝ መሰለሽ እንዴ፣ እትዬ?» አለችና ሳቀች።

እኔ ካውያውን ልሰካ ወጣሁ።

እህቴን ቁራጭ ነው የምንላት፤ ስሙን ያወጣችላት እናታችን ናት። ስድስት ልጆች ወልዳ ጨረስኩ ካለች በኋላ ነው ይቺ የመጣችው። «ከተረፈው ቁራጭ የተሰፋች» ትላት ነበር፤ ስሙ እዚያው ጸደቀ። እውነትም እንደ ቁራጭ ናት፤ ጠርዟ ያልተዘመዘመ፣ ከሁሉም ነገር ጋር የምትሄድ።

ቦርሳውን ለእሑድ 16 ነው የምትፈልገው። የስልክ ቤት ጡረተኞች የሚገናኙበት ቀን ነው። ሐኪሙ ካልደከመሽ ሂጂ ብለዋታል። «በፌስታል ግን አልሄድም» ትላለች። «ጭማቂ ተሸክማ መጣች ይሉኛል።»

ለአሥራ ስድስት ብዙ ጊዜ አለ።

ቅዳሜ 8

ቆረጥኩ። አጋጠምኩ። ባለ መስመሩ ከአረንጓዴው ጋር ጥግ ላይ አልገጠመም፤ የአንድ ክር ያህል ስቷል። ተረተርኩት። ነገ እንደገና።

ማክሰኞ 11

ነርሷ ፋሻ ልትለውጥ መጣች። እኔ ካውያ ስለነበረብኝ አብሬ አልገባሁም። በሩ ክፍት ስለነበር ግን ድምፃቸው ይሰማኛል።

«ክንድዎን በጥቂቱ ማንቀሳቀስ አለብዎት» ትላታለች ነርሷ። «ዝም ብለው ከተውት ይደርቃል። የሚወዱትን ቀላል ሥራ ይሥሩበት።»

«የምወደው ሥራ ማውራት ነው። ለሱ ክንድ አያስፈልግም።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ ቁስሉን እስካሁን አላየችውም፣ ታውቂያለሽ?» አለች። ነርሷ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም። ካውያው እንፋሎት ይተፋ ነበር።

ወጥተው ነርሷን ስንሰናበት እህቴ ጨርቁን አየችና «ስንት ጊዜ ትተኩሺዋለሽ? ሊናገር ነው እኮ» አለችኝ።

ከታች ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ደግሞ ሊጠይቃት መጥቶ ሥራዬን አገኘው። እኔን ወይዘሮ ሜትር ነው የሚለኝ፤ የድሮ ተማሪዎቼ ያወጡልኝን ስም ከየት እንደሰማው እንጃ። እያገላበጠ አየውና «ወይዘሮ ሜትር፣ ቢፈቅዱልኝ በስፌት መኪና ሻይ ሳይበርድ አደርስልዎታለሁ» አለኝ።

«ስለዚህ ነው የምትሰፋው ሱሪ ሁሉ አንዱ እግሩ የሚረዝመው» አልኩት።

እህቴ እስክታስል ሳቀች። ስትስቅ ቱቦው ይጎተታል። አፍሬ ወደ ሥራዬ ጎነበስኩ፤ እሷ ግን «ድገሚው፣ ድገሚው» ትለኛለች።

ጥጉ አሁን ገጥሟል። ገበሩ ግን ሸብሸብ ብሏል። መተርተር አለበት።

የትምህርት ቤት የስፌት መምህርታችን ትዝ አለችኝ። አዳሪ ነበርን። የሰፋነውን ይዘን ጠረጴዛዋ ፊት እንሰለፋለን። የአውራ ጣቷን ጥፍር በስፌቱ ላይ ታሳልፋለች። ጥፍሯ ካልተደናቀፈ ቀና ብላ አታየንም፤ ከተደናቀፈ አንድ ቃል ብቻ ትላለች፤ «ተርትሪው።» አልጮኸችም፣ አልመታችም። የተረተርነውን ክር እንኳ አታስጥለንም፤ ከጣት የረዘመ ክር አይጣልም፣ ካርቶን ላይ ይጠቀለላል። እኔም ሳስተምር ያቺኑ ቃል ነው ያልኩት። ዛሬም ቢሆን ክር አልጥልም።

ዓርብ 14

ዳንቴል ልገዛ ወጣሁ። የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ሰው ሠራሽ ነው፤ ሁለተኛው ያለው ወደ ቢጫ ያደላል። ሦስተኛው ዘንድ አገኘሁ። ዝናብ ያዘኝ፤ የሱቁ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ስመለስ መሽቶብኛል።

እህቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ፤ ፊቷ አልቦታል፤ ዓይኖቿ ግን ያበራሉ። ቦርሳው ጉልበቷ ላይ ነው። ግራጫውን ከአረንጓዴው ጋር የሚያያይዘውን የፊት ለፊቱን መስመር ሰፍታዋለች፤ በሰማያዊ ክር። ልብ በሉ፣ በሰማያዊ፣ ግራጫ ላይ።

«እንዳግዝሽ ብዬ ነው። ነገ ጠርዙን ከጨረስሽው እሑድ አንጠልጥዬው እሄዳለሁ» አለችኝ።

ስፌቱ እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚሄደው። ሲጀምር ረጅም፣ መሐል ላይ ወደ ታች የወረደ፣ መጨረሻው የተጨማደደ፤ ቋጠሮው እንደ በርበሬ ፍሬ ትልቅ። በልጅነቷም እንዲሁ ነበረች። ደህና ነው አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ክፉ ቃል አልተናገርኳትም።

እንቅልፍ ሲወስዳት ተረተርኩት። በግራጫ ክር አቅንቼ ሰፋሁት። ፊት ለፊት የሚታይ መስመር ነው፤ ሰው ፊት ይዛው የምትቀርበው። የስልክ ቤት ሴቶች ደግሞ አፋቸው አያርፍም። ለሷው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አናደደኝ። የደንብ ልብሱ ጨርቅ ጥብቅ ሽመና ስለሆነ መርፌዋ የበሳው ቀዳዳ አልደፈን አለኝ። ውኃ ረጨሁበት፣ ካውያ ጫንኩበት፣ በጥፍሬ አሸሁት። ወደ ብርሃን ካላዘነበሉት ግን አይታይም። ሰማያዊውን ክር ካርቶን ላይ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ 15

ጠዋት ቦርሳውን አንስታ አየችው። ብዙ አየችው።

«እትዬ፣ ስፌቴ ቀና እኮ» አለች። «በአንድ ሌሊት ተምሮ አደረ። ጎበዝ መምህር አግኝቶ ነው።»

ሳቅኩ። እሷም የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አስቀመጠችውና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቁርስ አልበላችም። ዳንቴሉን ላሳያት ይዤ ብቀርብ «ያምራል» አለች ሳታየው።

ጠርዙን ቀኑን ሙሉ ሰፋሁ። አላለቀም። አንዱ ጎን ሲገጥም ሌላው ይሸሻል።

እሑድ 16

ቦርሳው ስላልደረሰ የምትቀር መስሎኝ ነበር። የቀድሞ ባልደረባዋ፣ ሄሎ የምንላት ወፍራሟ ሴትዮ፣ ታክሲ አቁማ ወደኛ ወጣች። ሄሎ የምትባለው ማንኛውንም ነገር፣ ለቅሶም ቢሆን፣ ሄሎ ብላ ስለምትጀምር ነው።

«ሄሎ፣ ሙሽሪት ተዘጋጀች?»

«ተዘጋጅታለች፤ ቦርሳዋ ግን ከፓሪስ አልደረሰም» አለች እህቴ። ፌስታሉን ሹራቧ ሥር አስገባችው። ስትራመድ ይንኮሻኮሻል።

«እትዬ፣ እርስዎም አብረውን ይምጡ እንጂ» አለችኝ ሄሎ።

«ሥራ አለኝ» አልኩ።

ልብስ ሰፊው ደረጃውን ደግፎ አወረዳት። በመስኮት አየኋቸው። መንገድ ላይ ፌስታሉ ወጥቶ ነፋስ ሲነፋው በግራ እጇ ይዛ መልሳ አስገባችው፤ ደግሞ ወጣ።

ቢያልቅ ኖሮም ዝናብ ነበር። ዶቃው ይደበዝዝ ነበር።

ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። የሳቁትን ስትነግረኝ ግማሹን አልሰማሁም፤ ማንጠልጠያውን እየለካሁ ነበር።

ረቡዕ 19

ቱቦውን ነቀሉላት። ቦርሳው አላለቀም።

እሑድ 23

አለቀ። ዳንቴሉ፣ ዶቃዎቹ፣ የናሱ ቁልፍ፣ ሁሉም ቦታቸው ናቸው። ጥፍሬን ዙሪያውን አሳለፍኩበት፤ የትም አልተደናቀፈም። እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራሁ ቆይቻለሁ።

ሰጠኋት። አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው፤ ባዶዋን ደረቷ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

«አሁን ምን ልያዝባት?» አለች።

የዳንቴሉን ጠርዝ ማቃናት ጀመርኩ። አይታኝ ይመስለኛል፤ ወዲያው መነጽሯንና የምትመጥጣቸውን የሚንት ከረሜላዎች ከተተችባት። «ይኸው። ሥራ አገኘች» አለች። ከዚያም እጄን ይዛ ጥቂት ቆየች። የያዘችኝ በግራዋ ነው። ሁልጊዜ በግራ መያዝ መቼ እንደጀመረች አላስታውስም።

ሐሙስ 27

ሰሞኑን የያዛት ሳል አልተዋትም፤ ሆስፒታል ወሰድኳት። የደረት ራጅ አነሷት። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ቆመው አነጋገሩኝ፤ የተናገሩትን አንድ በአንድ ሰምቻለሁ። ሳንባዋ ላይም አለ። አልጽፈውም ብዬ ነበር፤ ጻፍኩት።

ለሷ እኔው እንድነግራት ጠየቅኩ። ክፍሉ ስገባ ፊቴን አይታ «ተይው እትዬ። እኔ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ መስመሩ ሲበላሽ ከጩኸቱ አውቃለሁ» አለችኝ።

እሑድ 30

ሆስፒታል። ቦርሳዋን የአልጋው ብረት ላይ አንጠልጥላታለች። ነርሶቹ ሁሉ ያደንቃሉ። «እህቴ ናት የሰፋችው» ትላለች። «ሁሉንም እሷ ናት።»

ሁሉንም የምትለው ላይ ቆም ትላለች። ወይም ለኔ ይመስለኛል።

ማክሰኞ 2

ዛሬ ፋሻውን ሲለውጡ አልወጣሁም። ነርሷ ገልጣ ስታጥበው አየሁት። የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከብብቷ እስከ ደረቷ መሐል ድረስ አንድ ረጅም መስመር ነው፤ ጥሩ ተደርጎ አልተሰፋም፤ አንድ ቦታ ላይ ተጨማዷል።

«እንዴት ነው?» አለችኝ ዓይኗን ጨፍና። «ይተርተር?»

«የለም» አልኳት። «ይሁን።»

«ወይ ጉድ» አለች። «የዛሬን ቀን ጻፉልኝ።»

ሐሙስ 4

የለችም። ጠዋት። አጠገቧ ነበርኩ።

ዓርብ 5

ቀበርናት። ዝናብ።

ማክሰኞ 9

ሰው እየቀነሰ ነው። ዛሬ ሄሎ ብቻዋን መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሄሎ ማለት አቃታት። እንዲያ ሆና አይቻት ስለማላውቅ እኔው «ሄሎ፣ ግቢ» አልኳት፤ ተቃቅፈን ቆምን።

ሻይ ቀዳሁላት። ቦርሳዋ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። አነሳችና አገላበጠቻት።

«ይቺ ናት ያቺ ቦርሳ?» አለች። «የቷ ናት የሷ መስመር?»

«የምን መስመር?»

«ያን እሑድ ነግራን የለ እንዴ። ነርሷ ክንድሽን አንቀሳቅሺ ብላት ማበጠሪያ እንኳ ማንሳት አቅቷት ነበር። አንድ ቀን እርስዎ ዳንቴል ሊገዙ ሲሄዱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ በቀኝ እጇ አንድ መስመር እስከ ዳር ድረስ ሰፋሁ አለችን። እንደ ልጅ ነው የፎከረችብን። አሳዪን ባልናት ጊዜ፣ እትዬ ዘንድ ለእርማት ገብቷል አለች። በሳቅ ሞትን።»

ሻይዋን ጠጣች። እኔም ጠጣሁ። የቷ መስመር እንደሆነች አላሳየኋትም። የማሳያት ነገር አልነበረም።

ከሄደች በኋላ የእህቴን ልብሶች አወጣሁ። ጠርዝ ሁሉ አየሁ፤ ኪስ ሁሉ ገለበጥኩ። የተነቀለ ቁልፍ ሁሉ እኔ ነኝ የተከልኩላት። የተቀደደ ሁሉ እኔ ነኝ የጠቀምኩላት። አምጪ እኔ ልሥራው እያልኩ ነው የኖርነው። በእጇ የሰፋችው አንዲት ጫፍ አላገኘሁም።

ሰኞ 15

ዝናቡ አባርቷል። ጠዋት ቦርሳዋንና የብስኩቱን ቆርቆሮ ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

ግራጫው ጨርቅ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ቀዳዳዎቹ አሁንም ይታያሉ። ከኔ መስመር በላይና በታች እየወጡ እየገቡ ይሄዳሉ። ካውያው አልደፈናቸውም።

የኔን ስፌት ተረተርኩት።

ሰማያዊው ክር ካርቶኑ ላይ እንደጠቀለልኩት ነው። ስፈታው አልተዘረጋም፤ እያንዳንዱ ስፌት ያጠፈውን እንደታጠፈ ይዞ ቆይቷል። ላቃናው እርጥብ ጨርቅ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እንዳለ በመርፌው ቀዳዳ አሳለፍኩት።

ቀጥ ያለ መስመር ሳላይ እሰፋዋለሁ። የሷን ለመከተል ግን እያንዳንዷን ቀዳዳ መፈለግ ነበረብኝ። መጀመሪያ ላይ ረጃጅምና ደፋር ናቸው፤ ችኮላዋ ነው፣ አውቀዋለሁ። መሐል ሲደርሱ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ እዚህ ላይ ክንዷ ወርዷል። ቀጥሎ ሁለት ቀዳዳ አንድ ቦታ ላይ አለ፤ ወግታ፣ ነቅላ፣ እንደገና ወግታለች። ከዚያ በኋላ ስፌቶቹ እያጠሩ እያጠሩ ይሄዳሉ፤ ክንድ አልነሳ ሲል በጣት ጫፍ ብቻ የሚሰፋ ስፌት ነው። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። የስንቷን ተማሪ ድካም ከስፌቷ አንብቤያለሁ። ያን ቀን ያየሁት መስመሩን ብቻ ነው።

አላቆመችም። ጠርዙ ድረስ ሄዳለች።

ክሩ ለጥቂት በቃ። መጨረሻው ላይ እንደሷ አድርጌ ትልቅ ቋጠሮ ቋጠርኩ። የናሱን ቁልፍ ቆለፍኩና ቦርሳዋን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኳት። መነጽሯና ሁለት ከረሜላ ውስጧ አሉ።

ጥፍሬን በመስመሩ ላይ አሳለፍኩ። በየቦታው ተደናቀፈ። መምህርታችን ብትኖር የምትለኝን አውቃለሁ።

አልተረትረውም።